የአውሬው ዐይን ቆብ

በጥንቱ የቻይና ምድር፣ ምርኮኞች ብቻ በሚሠሩበትና በግንብ በታጠረ የነሐስ ማቅለጫ ግቢ ውስጥ፣ ቅርጽ ቀራጩ ሺንና የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የምድጃው አለቃ ቦጂያ፣ የአውሬ ፊት በተቀረጸበት፣ ገና ባልተገጠመ የጭቃ ቅርጽ ላይ ጎንበስ ብለው ይከራከራሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ ወናፍ ይነፋል።

ቦጂያ፦ አላፈስም! በዚህ ቅርጽ ውስጥ አንዲት ጠብታ ነሐስ አላፈስም ብዬሃለሁ፣ አለቀ!

ሺን፦ ታዲያ ምን ልታደርገው ነው? ልትጠጣው? ነሐሱ እንደሆነ ደርሷል፤ ሲንተከተክ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ቦጂያ፦ አትቀልድብኝ። ና ወዲህ፣ ጎንበስ በል። ይህ ምንድን ነው?

ሺን፦ ዐይን።

ቦጂያ፦ ያኛውስ?

ሺን፦ እሱም ዐይን። አውሬ ሁለት ዐይን አለው፤ ምድጃ ቤት አልነገሩህም?

ቦጂያ፦ በግድግዳው በኩል ያለው ፍጥጥ ብሏል፣ ደግ። በበሩ በኩል ያለው ግን ቆቡ ወርዶ ግማሹን ሸፍኖታል። አንድ አውሬ፣ አንድ ፊት፣ ሁለት ዓይነት ዐይን!

ሺን፦ ጭቃ ነዋ። ሲደርቅ ይሰበሰባል።

ቦጂያ፦ ጭቃ ሲሰበሰብ መላው ነው የሚሰበሰበው፤ አንድ ዐይን መርጦ አይሰበሰብም። ደግሞ ይህ በስለት የተቦረቦረ ነው። ነሐሱ ገብቶ ሲሞላው የከበደ የዐይን ቆብ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለእኔ ታስተምረኛለህ?

ሺን፦ ኧረ እኔ ጭቃ አቡኪው ማን ሆኜ! እናንተ የእሳት ሰዎች አይደላችሁ? ከእናት ሆድ ስትወጡ ጀምሮ አዋቂ ናችሁ።

ቦጂያ፦ ጀመረህ ደግሞ።

ሺን፦ መቼ አቆምኩ?

ቦጂያ፦ ስማኝ። የግቢው ሹም ከጎተራ ወርዶ እዚህ ሊቆም ነው። ቅርጹ ተገጥሞ በዐይኑ ካላየው ነሐስ አይፈስም፤ ታውቃለህ። ባለፈው እግሩ የተንሻፈፈ ዕቃ ያወጣው ባልደረባችን ዛሬ በምን እንደሚሄድ አይተኸዋል?

ሺን፦ በጉልበቱ።

ቦጂያ፦ በጉልበቱ! ያ የዕቃ እግር ነበር፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ካላየው የማይታይ። አንተ ግን ፊቱ ላይ፣ መሀል ግንባሩ ስር… ቆይ። ቆይ እስቲ። ይህን ዐይን አውቀዋለሁ።

ሺን፦ አታውቀውም።

ቦጂያ፦ አውቀዋለሁ እንጂ! ከማቃጠያው ፍንጣሪ የመታው… ጫፉ ወደ ታች የተጎተተ… የአባትህ ዐይን ነው! አንተ ሰው፣ የመስፍኑ ዕቃ ላይ አባትህን ቀረጽከው?

ሺን፦ ዐይኑን ብቻ።

ቦጂያ፦ ዐይኑን ብቻ ይለኛል!

ሺን፦ ጢሙን ብጨምርማ ታውቅብኝ ነበር።

ቦጂያ፦ ዝቅ አድርገህ ተናገር፤ ወናፍ የሚነፉት ይሰማሉ።

ሺን፦ ይስሙ። እነሱም አባት ነበራቸው።

ቦጂያ፦ ምን ነካህ ግን? ይህ እኮ መስፍኑ ለአያቱ መንፈስ ምግብ የሚያቀርብበት ነው። ዳጉሳው ተቀቅሎ እየጨሰ በዚህ ይደረጋል፤ ሹማምንቱ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ። እዚያ መሀል ያንተ አባት ምን ይሠራል?

ሺን፦ ይበላል።

ቦጂያ፦ ምን አልክ?

ሺን፦ ይበላል አልኩህ። በምርኮ ሲነዱን ቦይ ውስጥ ከቀረ ጀምሮ እህል የቀመሰ ይመስልሃል? ማን አበላው? እዚህ እንደገባን አንዲት ድንጋይ አቁሜ ከራቴ ቆንጥሬ ባስቀምጥለት፣ ሹሙ በእግሩ ገለበጣት። «ምርኮኛ ሙት የለውም» አለኝ። አንተም አጠገቤ ቆመህ ነበር። ጫማህን ስትመለከት ነበር።

ቦጂያ፦ ምን እንድለው ፈልገህ ነው?

ሺን፦ ምንም። አንተ መቼ ምን ብለህ ታውቃለህ? እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ሳስብ ቆየሁና፣ እነሱ ራሳቸው አባቴን እንዲቀልቡልኝ አደረግሁ። ሽማግሌያቸውን ስሙን እየጠሩ ሲለማመኑ፣ እሱ ከዕቃው ፊት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያ ሽታ ወደ ላይ ሳይወጣ በፊት እሱ ጋ ይደርሳል።

ቦጂያ፦ እንዲህ ይሆናል ያለህ ማን ነው?

ሺን፦ ማንም አላለኝም። ራሴ አሰብኩት።

ቦጂያ፦ ባይሆንስ?

ሺን፦ ባይሆን ምን አጣለሁ?

ቦጂያ፦ እግርህን! እግሬን! እኔ ምን በድዬ ነው? ቅርጹን የምረከበው እኔ ነኝ። ሹሙ «ይህን አይተህ ነው የተቀበልከው?» ሲለኝ ምን ልመልስ?

ሺን፦ ጫማህን ተመልከት።

ቦጂያ፦ እህቴ ባንተ ስንቱን እንደምትችል አሁን ገባኝ። ና፣ ድፈነው። እርጥብ ጭቃ አምጣና ቆቡን ድፈነው፤ ዐይኑ እንደ ጓደኛው ይፍጠጥ።

ሺን፦ እርጥብ ጭቃ በተቃጠለ ጭቃ ላይ?

ቦጂያ፦ አዎ።

ሺን፦ ከዚያ አንተ የሚንተከተከውን ነሐስ ታፈስበታለህ? እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ሲያፈነዳው ፊት ለፊቱ የሚቆመው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። የምድጃው አለቃ ነው።

ቦጂያ፦ ይድረቃ!

ሺን፦ ነገ ማታ ይደርቃል።

ቦጂያ፦ ነሐሱ እስከ ነገ ማታ ይጠብቀኛል?

ሺን፦ ጠይቀው። ያንተ ወገን ነው።

ቦጂያ፦ ሆን ብለህ ነው። ሳይቃጠል አላሳየኸኝም። ምድጃው ሳይነድ አላሳየኸኝም። ከሰሉ ሁሉ እሳት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ማፍሰስም ማቆምም የማልችልበት ሰዓት ጠብቀህ ነው ጨርቁን የገለጥከው።

ሺን፦ ቀድሜ ባሳይህ ምን ታደርግ ነበር?

ቦጂያ፦ ሰብሬ አስደግምህ ነበር!

ሺን፦ ለዚያ ነዋ።

ቦጂያ፦ አጥምደኸኝ!

ሺን፦ አንተ እዚህ ግቢ ውስጥ ሆነህ ዛሬ ነው የተጠመድከው? በሩ የሚከፈተው ለከሰል ጋሪና ለሬሳ ብቻ ነው። እኔ ትንሽ አጠበብኩልህ እንጂ ያጠመድኩህ እኔ አይደለሁም።

ቦጂያ፦ እሺ። እሺ፣ ቆይ። መድፈን አይቻልም። መቦርቦር ግን ይቻላል አይደል? የደረቀም ቢሆን በስለት ይፋቃል።

ሺን፦ ይፋቃል።

ቦጂያ፦ እንግዲህ ያንኛውን ዐይን ፋቀው። እሱም ቆቡ ይውረድ። ሁለቱም ከተመሳሰሉ ማን ምን ይላል? እንቅልፍ የመጣበት አውሬ ነው፣ በቃ። ጥቂት ስለት ነው፤ ሹሙ ደረጃውን ሳይጨርስ ትጨርሰዋለህ።

ሺን፦ አልፍቅም።

ቦጂያ፦ ለምን?

ሺን፦ አባቴ ያንዱ ዐይኑ ቆብ ነው የወረደው። ሁለቱን ካወረድኩት አባቴ አይደለም፤ የማንም አውሬ ነው። ራሱን ካላወቀ መጥቶ አይበላም።

ቦጂያ፦ በዚህ ልትገድለኝ ነው!

ሺን፦ መግደል እናንተ ቤት ነው ያየሁት።

ቦጂያ፦ እኛ ቤት ማን ተገደለ?

ሺን፦ አባቴ። እህትህን ባገባሁ ቀን። ረሳኸው? በእርግጥ፣ አንተማ ትረሳዋለህ። ለእሱ ከበሩ ስር አነጠፋችሁለት፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚረግጠው ቦታ። ዋንጫ ሰጣችሁት፤ ጠጣ። ከከንፈሩ ላይ ሳያወርደው አባትህ ተቀብሎ፣ «በአመድ ፈግፍጉት፣ ጭቃ ለምዷል» አለ። ሰዉ ሁሉ ሰማ። አባቴ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?

ቦጂያ፦ ልጅ ነበርኩ።

ሺን፦ ጢም ነበረህ። ሳቀ። አባቴ ሳቀ፣ ገባህ? ከእነሱ ጋር አብሮ ሳቀ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ሳቁ ነው። የአባትህ ስድብ አይደለም።

ቦጂያ፦ አባቴ አፉ ክፉ ነበር። ሞቷል። ምን ይደረግለት?

ሺን፦ ሞቷል፣ አዎ። እሱ ግን ወግ ባለው ሞት ነው የሞተው። እኔ ከሰልፉ ጭራ ታስሬ አቧራችሁን ስቅም፣ አንተ ከፊት ከስንቁ ጋሪ ጎን ነበርክ። ያንተ አባት ወንዙ ዳር ሲወድቅ ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ ምላሱ ላይ አረንጓዴ ዕንቁ ተደረገለት፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ተደረገ። ስንት ጊዜ ነገርከን! የእኔን አባት ገመዱን ቆርጠው እንደ ነጠፈች ላም ቦይ ውስጥ ጣሉት። ይህንንም ባየኸኝ ቁጥር በዝምታህ ታስታውሰኛለህ። አሁን መጥተህ አንዲት ዐይን አስደፍናለሁ ትላለህ?

ቦጂያ፦ አልቀበርኩትም።

ሺን፦ ማንን?

ቦጂያ፦ አባቴን። ጉድጓድ የለም። ምሥራቅ የለም። ወንዙ ዳር ጠጠሩ ላይ ነው የቀረው። እናንተ ከኋላ ስትደርሱ ጨልሞ ነበር፤ አላያችሁትም።

ሺን፦ ዕንቁውስ?

ቦጂያ፦ ወታደሩ ከእጄ ፈልቅቆ ወሰደው።

ሺን፦ አሁን ደግሞ ልታስፍቀኝ ነው የምትዋሸው።

ቦጂያ፦ በእህቴ እምላለሁ። ተንበርክኬ ዐይኑን እየከደንኩለት ነበር። እጄን ፊቱ ላይ አድርጌ ቆቡን ወደ ታች ስስበው፣ ያኔ ገመዱ ተጎተተ። ከፊት ያሉት መሄድ ጀምረው ነበር። አንዱ ዐይኑ ግማሽ ድረስ ወረደ፣ ሌላው እንደተገለጠ ቀረ። ወደ ኋላ እየተጎተትኩ እስኪጠፋኝ ድረስ አየሁት። እሱም አየኝ።

ሺን፦ ለሚስቴ ግን…

ቦጂያ፦ እህቴ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ዋሸኋት። እሷ አለቀሰች፣ ተጽናናች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ሺን፦ ለእኔስ ለምን ነገርከኝ? እኔ አልጠየቅኩህም። አንተ ራስህ መጥተህ ነው ስለዚያ ዕንቁ የነገርከኝ።

ቦጂያ፦ አባትህ ቦይ ውስጥ መቅረቱን ሰማሁ።

ሺን፦ እና?

ቦጂያ፦ እናማ… ካንተ ጋር እኩል መሆን አልፈለግሁም።

ሺን፦ አይ እናንተ! አይ የእሳት ልጆች! ቁራ ሲበላን እንኳ እንበላለጥ አላችሁ?

ቦጂያ፦ በለው። ሁሉንም በለው፤ አልመልስልህም።

ሺን፦ እኔ እኮ በዚያ መቃብር ስቀና ነበር። ጭቃ እያቦካሁ ስቀና፣ ስተኛ ስቀና። ሚስቴ በየወሩ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዞራ ስትሰግድ ፊቴን አዞርባት ነበር፤ እኔ የምዞርበት አቅጣጫ የለኝማ። ባልተቆፈረ ጉድጓድ!

ቦጂያ፦ ሺን።

ሺን፦ ምን?

ቦጂያ፦ ፋቅልኝ።

ሺን፦ ምኑን?

ቦጂያ፦ ያንኛውን ዐይን። ቅድም ለሹሙ ብዬ ነበር። አሁን ለሹሙ አይደለም።

ሺን፦ ኧረ!

ቦጂያ፦ ቆቡ ግማሽ ድረስ የወረደ። ያልጨረስኩት።

ሺን፦ አባትህን ከአባቴ ጎን? ከአንድ ዕቃ?

ቦጂያ፦ ከአንድ ዕቃ።

ሺን፦ በአመድ ሳይፈገፈግ?

ቦጂያ፦ ተርቧል፣ ሺን። ያ ሁሉ ዓመት ማንም አላበላውም። ተቀብሯል ስላልኩ ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ተወው። ድንጋይ እንኳ ያቆመለት የለም። በውሸቴ ያስራብኩት እኔ ነኝ።

ሺን፦ ያንተ አባት ተርቦ አይመርጥም እንበል። የእኔስ? የእኔ አባት ቢመርጥ?

ቦጂያ፦ ስቆ የለም እንዴ ያኔ?

ሺን፦ ሳቀ ማለት ይቅር አለ ማለት አይደለም!

ቦጂያ፦ እሺ፣ አይደለም። ግን እየው፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። ይህ አውሬ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ሁለት አውሬ ከጎን ታይተው አፍንጫ ላፍንጫ ሲገጥሙ ነው አንድ ፊት የሚመስለው። ለዚህም ነው ቅርጹ መሀል ላይ ለሁለት የሚከፈለው። እጄን በዚህ በኩል ላድርግና ግማሹን ልሸፍነው… አሁን ማን ይታይሃል?

ሺን፦ …አባቴ።

ቦጂያ፦ ብቻውን?

ሺን፦ ብቻውን።

ቦጂያ፦ ወዲህኛው ምንም ይሁን ምን፣ ያኛው አባትህ ነው። አፍንጫው መሀላቸው እንደ ግንብ ቆሟል። አይተያዩም። አይጣሉም።

ሺን፦ ያንተ አባት ግንብ ያቆመዋል ብለህ ነው?

ቦጂያ፦ ዛሬስ ይቆም ይሆናል። ስማ! የጎተራው በር ተዘጋ። ሹሙ እየወረደ ነው።

ሺን፦ ይውረድ።

ቦጂያ፦ እለምንሃለሁ።

ሺን፦ እንዴት?

ቦጂያ፦ እለምንሃለሁ አልኩህ። ከዚህ በላይ እንዴት ይለመናል? ልንበርከክ?

ሺን፦ አይ። መንበርከክማ ለሹሙም ትንበረከካለህ። ና እዚህ ቁጭ በል፣ አፈሩ ላይ። ይህን ግማሽ ቅርጽ በሁለት እጅህ ደግፈህ ያዝልኝ፤ ስፍቀው እንዳይወዛወዝ።

ቦጂያ፦ እኔ?

ሺን፦ ታዲያ ማን? ልብሴ ይቆሽሻል ካልክ አውልቀው።

ቦጂያ፦ ይኸው ይዣለሁ።

ሺን፦ እንደ ፍም በጣትህ ጫፍ አትያዘው። እቀፈው። ጭቃ የሚታቀፍ ነገር ነው።

ቦጂያ፦ ይኸው።

ሺን፦ አሁን ንገረኝ። ቆቡ እስከ የት ነው የወረደው? አንተ ነህ ያየኸው።

ቦጂያ፦ ከላይ ጀምር… ትንሽ ዝቅ። በአፍንጫው በኩል ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ጆሮው ሲሄድ ነው የሚወርደው። ጣቴ እዚያ ላይ ነበረች።

ሺን፦ እንዲህ?

ቦጂያ፦ ዝቅ። ቀስ በል።

ሺን፦ እኔን ቀስ በል ትለኛለህ? እንዲህ?

ቦጂያ፦ ጥቂት… አቁም! አቁም፣ እዚያ ነው። እዚያ ነው ገመዱ የተጎተተው። ወየው አባቴ!

ሺን፦ እንባህን ወዲያ! እርጥበት አይሆንም ብዬሃለሁ። ፊትህን አዙር።

ቦጂያ፦ አዞርኩ። ጨርሰው።

ሺን፦ ዱቄቱን እፍ በልበት። በደረቁ! እ፣ እንዲህ። አሁን ሁለቱን ግማሾች አምጣና እንግጠማቸው። ቀስ። አፍንጫው ላይ ክፍተት እንዳይኖር፤ ነሐስ ከሾለከ አባትህ ተነፋርቆ ይወጣል።

ቦጂያ፦ ገጠመ?

ሺን፦ ገጠመ። እየው።

ቦጂያ፦ ሁለቱም ቆባቸው ወረደ። ያስፈራል። አንቀላፍቶ የሚያይ ይመስላል።

ሺን፦ የሞቱትስ ሌላ ምን ሠርተው ያውቃሉ?

ቦጂያ፦ ኮቴው ይሰማኛል። ሺን፣ ይህ ሰው ሞኝ አይደለም። እስከ ዛሬ በዚህ ግቢ የወጣ አውሬ ሁሉ ዐይኑ የፈጠጠ ነው። «የመስፍኑ አያት ፊት የምታቆሙት አውሬ ለምን ዐይኑ ከበደ?» ቢለኝ ምን ልለው ነው? ይኸው እጄም ጭቃ ሆኗል።

ሺን፦ ጠግቦ ነው በለው።

ቦጂያ፦ ምን?

ሺን፦ በጌታዬ በመስፍኑ ቤት ከሚቀርበው ብዛት የተነሳ ጠግቦ፣ ዐይኑ ከብዶት ነው በለው። ደስ ይለዋል። መራቡን እኔና አንተ እናውቃለን።

ቦጂያ፦ ጠግቦ ነው… ከጌታዬ ቤት ብዛት የተነሳ… እናንተ! ወናፉን ተዉት! ነሐሱን አንሡና አምጡ!